ፖለቲካ ወደ መማሪያ መጽሐፍ የሚገባው በየት በኩል ነው?

አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። አንድ ሰው አንዱን ገጽ በስልኩ ያነሳና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጥፈዋል። ገጹ ላይ አንድ አንቀጽ ወይም አንድ ካርታ በቀይ ተከቧል። ሰዓታት ሳይቆጠሩ ነገሩ ይጋጋላል። ግማሹ “ልጆቻችንን ሊመርዙብን ነው” ይላል። ሌላው ደግሞ “እስካሁን ተደብቆ የኖረው እውነት ገና አሁን ወጣ” ባይ ነው። ክርክሩ ሲደክመው ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ፖለቲካ ከትምህርት ይውጣ።

ጥያቄው ከልብ የመነጨ ነው። ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው የፓርቲ ቅስቀሳ እንዲሰማ አይደለም። ግን ጥያቄው እንዲሁ እንዳለ ከተወሰደ የትም አያደርስም። አንድ ሀገር ልጆቿ ምን ይማሩ፣ ምን ይቅር ብላ ስትወስን ውሳኔው ራሱ ፖለቲካ ነው። ይህን ማምለጥ የቻለ ሀገር የለም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ማን ወሰነ? ምክንያቱን በግልጽ ተናግሯል ወይ? የተሳሳተ ነገር ቢገኝ በምን መንገድ ይታረማል? ከዚህ በታች የሚነሱት የተለያዩ ሀገራት ታሪኮች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምንከራከረው ስለየትኛው ሥርዓተ ትምህርት ነው?

ሥርዓተ ትምህርት፣ ብዙ ሰው እንደሚለው ካሪኩለም፣ ተማሪዎች በየክፍል ደረጃው ምን እንደሚማሩ፣ በስንት ክፍለ ጊዜ፣ በየትኛው ቋንቋና በምን ዘዴ እንደሚማሩ፣ በምንስ እንደሚመዘኑ የሚወስን ማዕቀፍ ነው። ከሥሩ ለየትምህርት ዓይነቱ የሚዘጋጅ መርሐ ትምህርት ወይም ሲለበስ አለ። መጽሐፉ የሚጻፈው ከዚያ ተነስቶ ነው። ቀጥሎ መምህሩ ክፍል ገብቶ በእርግጥ የሚያስተምረው ይመጣል። መጨረሻ ላይ ፈተናው አለ።

በእነዚህ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ሰነዱ “ተማሪው በራሱ እንዲያስብ” ይላል። መጽሐፉ የተዘጋጀ መልስ ይሰጠዋል። ፈተናው ደግሞ ዓመተ ምሕረት ይጠይቀዋል። ተማሪው ከሦስቱ የሚያምነው ፈተናውን ነው።

የአደባባይ ክርክር ግን ከሞላ ጎደል መጽሐፉ ላይ ብቻ ያተኩራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፎቶ የሚነሳው መጽሐፍ ነው። አንድ የትምህርት ዓይነት በሳምንት ከ4 ክፍለ ጊዜ ወደ 2 ሲወርድ ዜና አይሆንም። ከብሔራዊ ፈተና ሲወጣም ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በእኔ እምነት ግን ከአንድ አንቀጽ ይልቅ የልጆችን ዕውቀት የሚቀይሩት እነዚህ ድምፅ የሌላቸው ውሳኔዎች ናቸው።

ሒሳብም አያመልጥም

ፖለቲካ የሚነካው ታሪክንና ሥነ ዜጋን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሒሳብና ሳይንስ ንጹሕ ናቸው ይባላል።

ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ላከች። አሜሪካ ውስጥ ድንጋጤው ትልቅ ነበር። ጣቱ ቶሎ ብሎ የተቀሰረው ትምህርት ቤቶች ላይ ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1958፣ የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ ጸደቀ። ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለውጭ ቋንቋዎች ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። የሕጉ ስም ነገሩን ሁሉ ይናገራል፤ የፊዚክስ ክፍል የመከላከያ ጉዳይ ሆኖ ነበር። በዚያው ሰሞን “አዲሱ ሒሳብ” የተባለው ለውጥ ተስፋፋ። ትንንሽ ልጆች የስብስብ ንድፈ ሐሳብ መማር ጀመሩ። ወላጆች የልጆቻቸውን የቤት ሥራ ማገዝ አቃታቸው። ተቃውሞው እየበረታ ሄደና በ1970ዎቹ ለውጡ ተቀለበሰ። አንድም ፖለቲከኛ የሒሳብ ጥያቄ አልጻፈም። የትኛው ሒሳብ፣ ለማን፣ በስንት ዓመቱ የሚለውን የወሰነው ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር።

የማስተማሪያ ቋንቋም እንዲሁ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ መንግሥት የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች ሒሳብንና ማኅበራዊ ሳይንስን በአፍሪካንስ እንዲያስተምሩ አዘዘ። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ቋንቋውን በቅጡ አይችሉትም ነበር። ለተማሪዎቹ ደግሞ አፍሪካንስ የጨቋኙ ቋንቋ ነው። ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ተቃውሞው በመላ ሀገሪቱ ተቀጣጠለ፤ በቀጣዮቹ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። የዚያ ሁሉ መነሻ ሒሳብ በምን ቋንቋ ይሰጥ የሚል መመሪያ ነበር።

ታሪክ ላይ ለምን ይብሳል?

የታሪክ መጽሐፍ መንግሥት “እኛ ማለት እነማን ነን” ለሚለው የሚሰጠው ይፋዊ መልስ ተደርጎ ይነበባል። በውስጡ የተጠቀሰ ወገን ዕውቅና እንዳገኘ ይቆጥረዋል። ያልተጠቀሰ ደግሞ ከሀገሩ የተሰረዘ ያህል ይሰማዋል። ገጹ የተወሰነ ነው። ሁሉን ማካተት አይቻልም። ስለዚህ የታሪክ መጽሐፍ ሁልጊዜ አንድ የሚያስከፋው ሰው አያጣም።

ደቡብ ኮሪያን እንይ። በ2015 የፕሬዚዳንት ፓርክ ጉን-ሄ መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መጻሕፍትን ዝግጅት ከግል አሳታሚዎች ወስዶ አንድ መንግሥታዊ መጽሐፍ ብቻ እንዲኖር ወሰነ። የመንግሥት ክርክር፣ ያሉት መጻሕፍት ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው የሚል ነበር። ተቃዋሚዎች ግን ሌላ ነገር አዩ። ሀገሪቱን ለረጅም ዓመታት በወታደራዊ ክንድ የገዛው ፓርክ ቹንግ-ሂ የፕሬዚዳንቷ አባት ነው። የእሱን ዘመን ታሪክ ልጁ የምትመራው መንግሥት ሊጽፈው ነው ማለት ነው። የታሪክ ምሁራን በብዛት አንሳተፍም አሉ። ፕሬዚዳንቷ በሌላ ጉዳይ ከሥልጣን ተነሱ። ግንቦት 2017 ሙን ጄ-ኢን ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ ዕቅዱን ሰረዙት። በአንድ ምርጫ የመጣ መጽሐፍ በሌላ ምርጫ ሄደ።

የጃፓኑ ጉዳይ ደግሞ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባዋል። እዚያ መጽሐፍ የሚጽፉት የግል አሳታሚዎች ናቸው፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ ይመረምራል፣ ያርማል፣ ያጸድቃል። ኢየናጋ ሳቡሮ የተባሉ የታሪክ ምሁር በ1965 ይህን ምርመራ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ሦስት ጊዜ በተለያየ መልክ ቀርቦ እስከ 1997 ድረስ፣ 32 ዓመት ሙሉ፣ ዘለቀ። ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ ዩኒት 731ን ይመለከታል። ይህ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በማንቹሪያ፣ በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ ሙከራ ያደርግ የነበረ የጃፓን ጦር ክፍል ነው። ኢየናጋ ስለ እሱ ጽፈው ነበር፤ ሚኒስቴሩ ይውጣ አለ።

ሚኒስቴሩ የሰጠው ምክንያት ነው ትኩረት የሚያሻው። “ውሸት ነው” አላለም። በጉዳዩ ላይ የተሠራው ጥናት ገና በቂ አይደለም፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ጊዜው አልደረሰም ነው ያለው። በ1997 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥናቱ በቂ ነበር፣ ስለዚህ የማስወጣት ትእዛዙ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። ምርመራው እንደ ሥርዓት ግን ሕገ መንግሥታዊ ነው አለ። ኢየናጋ ያሸነፉት በከፊል ነው። ቢሆንም ፍርዱ አንድ ነገር አጥርቷል። አንድ ነገር ከመጽሐፍ ሲወጣ የሚሰጠው ምክንያት ራሱ በማስረጃ ሊመረመር ይችላል፤ ደግሞም ይገባል። “ገና ነው” የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ስለሚያልፍ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንዳንድ ሀገር ደግሞ ጭራሽ መስማማት ያቅተዋል። የሊባኖስን የእርስ በርስ ጦርነት ያስቆመው የ1989 የጣይፍ ስምምነት የታሪክና የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ለመላ ሀገሪቱ አንድ እንዲሆን ይጠይቃል። በ1997 አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወጣ። ታሪክ ግን ቀረ። ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ ማን ጀግና ነው፣ ማን ከሃዲ በሚለው ላይ የየወገኑ ተወካዮች መስማማት አልቻሉም። የሊባኖስ ልጆች ወላጆቻቸው ያለፉበትን ጦርነት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከቤት፣ ከሰፈርና ከፓርቲ ይሰሙታል። ሩዋንዳም ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ የሀገሪቱን ታሪክ ማስተማር ለዓመታት አቁማ ነበር። የቀድሞው መጽሐፍ ራሱ ለጥላቻው ነዳጅ ሆኗል ተብሎ ስለታመነ ውሳኔው የሚገባ ነው። ግን ባዶ የተተወ ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም። ልጁ ታሪኩን ከሌላ ሰው መስማቱ አይቀርም፤ ያም ሰው የሚጠይቀው የለም።

ድምፅ ሳያሰማ የሚወጣው

አዲስ የተጨመረ ነገር ቶሎ ይታያል። የወጣ ነገር ግን የቀድሞውን መጽሐፍ አጠገቡ አድርጎ ለሚያነጻጽር ሰው ብቻ ነው የሚታየው። መቀነስ ከመጨመር የሚቀለውም ለዚህ ነው።

በህንድ ብሔራዊ የትምህርት ምርምርና ሥልጠና ምክር ቤት ከኮቪድ በኋላ የተማሪዎችን ጫና ለማቅለል በሚል መጻሕፍቱን ቀነሰ። በ2023 የደረሱት መጻሕፍት ሲገለጡ ከ12ኛ ክፍል ታሪክ ህንድን ይገዙ ስለነበሩት ሙስሊም የሙጋል ነገሥታት ቤተ መንግሥት የሚያወሳው ምዕራፍ፣ ከ10ኛ ክፍል ሳይንስ ደግሞ የዝግመተ ለውጥ ትምህርት አልነበሩም። ምክር ቤቱ ጉዳዩ የጫና ብቻ ነው ይላል፤ ዝግመተ ለውጥም ከፍ ባለ ክፍል አለ ብሎ ይከራከራል። ተቺዎች የእነዚህ ክፍሎች መውጣት ከገዢው የሂንዱ ብሔርተኛ ፓርቲ አስተሳሰብ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ አይደለም አሉ። ብዙ ልጆች ከ10ኛ ክፍል በኋላ ባዮሎጂ እንደማይማሩም አስታወሱ። ከ1,800 በላይ ሳይንቲስቶችና መምህራን የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። የፖለቲካ ሳይንስ መጻሕፍቱ ሲዘጋጁ አማካሪ የነበሩት ዮጌንድራ ያዳቭና ሱሃስ ፓልሺካር ስማችን ከመጽሐፉ ላይ ይነሳልን ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የጫናው ችግር እውነተኛ ነው። መጽሐፍ ያለ ልክ ሲወፍር ልጅ ይጎዳል። ግን ጫና ለመቀነስ የወጣ ምዕራፍ ለምን እሱ፣ ለምን ሌላው አልሆነም የሚለው በጽሑፍ ካልተብራራ ጥርጣሬን የጋበዘው ራሱ አሠራሩ ነው።

የገበያ ፍርሃትም መቀነሻ ነው። በ1925 አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ። ፍርዱ በኋላ በሥነ ሥርዓት ስህተት ተሻረ፤ ዝግመተ ለውጥን ማስተማር የሚከለክለው የግዛቲቱ ሕግ ግን እስከ 1967 ቆየ። ከችሎቱ ይበልጥ ለረጅም ጊዜ የሠራው የአሳታሚዎች ጥንቃቄ ነው። ገዢ እንዳያጡ ሲሉ ርዕሱን ከባዮሎጂ መጻሕፍት ላይ አደበዘዙት። ዝግመተ ለውጥ ጎልቶ የተመለሰው በ1960ዎቹ፣ ከስፑትኒክ በኋላ በመንግሥት ገንዘብ አዲስ የባዮሎጂ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ነው። አንዱ ፖለቲካ ያስወጣውን ሌላ ፖለቲካ መለሰው ማለት ነው።

ማኅበረሰቡ ችግሩን ሁሉ ለትምህርት ቤት ሲያስረክብ

እስካሁን ያየነው ከመንግሥትና ከርዕዮተ ዓለም የሚመጣውን ነው። ከታች የሚመጣም አለ። የትራፊክ አደጋ ሲበዛ “ትምህርት ቤት ይሰጥ” ይባላል። አደንዛዥ ዕፅ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሙስና፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የሐሰት መረጃ፣ የገንዘብ አያያዝ፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ሁሉም ወደ ክፍል ይላካል። ለመንግሥትም ይመቻል። መንገድ ከመሥራት የመንገድ ደኅንነት ምዕራፍ መጨመር ይረክሳል። አንድ ነገር ተሠራ ለማለትም ያስችላል።

እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ችግሩ ሲደመር ነው። የትምህርት ቀን አይለጠጥም። ጣሊያን በ2019 ባወጣችው ሕግ የሥነ ዜጋ ትምህርት ከ2020 ጀምሮ በዓመት ቢያንስ 33 ሰዓት እንዲሰጥ ወሰነች። የአየር ንብረትና የዘላቂ ልማት ጉዳይም በዚያው ውስጥ እንዲካተት ተደረገ። በዓለም ዙሪያ ትልቅ ዜና ሆነ። ሕጉ ግን ተጨማሪ ሰዓት አልፈቀደም። 33ቱ ሰዓታት አስቀድሞ ካለው የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ እንዲወጡ ነው የሚለው። በሳምንት 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ያ 1 ሰዓት ከአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ይቀነሳል፤ ከታሪክ ወይም ከጂኦግራፊ፣ ወይም ከሌላ። የሚቀነሰውን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። ዜናው የተጨመረውን ነገረን፣ የተቀነሰውን ግን አልነገረንም።

ለማንኛውም “ይጨመር” ባይ ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ “በምን ፋንታ?” የሚለው ነው። ይህን ሳይመልስ የሚጨመር ይዘት የሚያርፈው መምህሩ ላይ ነው። መምህሩም ሁሉን ለማዳረስ ይሮጣል፤ የደከመው ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል።

የደረጃ ሰንጠረዥ ፖለቲካ

ፒዛ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ፈተና ከ2000 ጀምሮ የ15 ዓመት ተማሪዎችን በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይመዝናል። የሚያዘጋጀው በአብዛኛው የበለጸጉ ሀገራትን ያቀፈው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ነው። ፈተናው የማንንም ሥርዓተ ትምህርት አይቀይርም። ውጤቱ ግን ይቀይራል። ጀርመን የመጀመሪያው ውጤት በ2001 መጨረሻ ሲወጣ ከአማካይ በታች ሆና ራሷን አገኘችው። ልጁ ከድሃ ቤተሰብ መምጣቱ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚጎዳውም ታየ። ብዙ ሳይቆይ በየክፍለ ሀገሩ የተለያየው ትምህርት የጋራ ብሔራዊ መመዘኛ ተበጀለት።

ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ድሃ ልጆች መጎዳታቸውን ቁጥሩ ባያወጣው ኖሮ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። በሌላ በኩል የማይለካ ነገር ቦታ ያጣል። ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃና ታሪክ በሰንጠረዡ ላይ የሉም።

ጥሩ ሐሳብ መሬት ሲነካ

ፖለቲካ የወለደው ለውጥ ሁሉ ክፉ ዓላማ የለውም። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ስትወጣ የድሮውን በትእዛዝ የተሞላ፣ ዘረኛ ሥርዓተ ትምህርት መጣል ነበረባት። በ1997 “ካሪኩለም 2005” የተባለውን ይፋ አደረገች። ትኩረቱ ተማሪው መጨረሻ ላይ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ነበር። ይዘቱን መምህሩ እንዲመርጥ ሰፊ ነጻነት ተሰጠው። ከጭቆና ለወጣ ሕዝብ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

ክፍል ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ቤተ መጻሕፍትና የሠለጠኑ መምህራን ያሏቸው የቀድሞ የነጮች ትምህርት ቤቶች ነጻነቱን ተጠቀሙበት። መጽሐፍ የሌለው፣ ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ ራሱ በአፓርታይድ ሥርዓት የሠለጠነ መምህር ግን ምን ያስተምር? በአዳዲስ ቃላት የተሞላው ሰነድ አልነገረውም። የ2000 የግምገማ ኮሚቴ ይህን በግልጽ አስቀመጠ። ሰነዱ ተከለሰ፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በየሳምንቱ ምን እንደሚሰጥ ሳይቀር የሚዘረዝር ሥርዓት ተተካ። ለእኩልነት የተነሳ ለውጥ ልዩነቱን አሰፋው። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዓላማው ትክክል ነበር።

ሌላው መሰናክል በለውጡ የሚነኩት ሰዎች ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው። “ሴክተር ሪቪው” የተባለው የኢትዮጵያ የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥናቱ በ1971 እና 1972 በሀገር ውስጥ ባለሙያዎችና በዓለም ባንክ ዓይነት ድርጅቶች እገዛ ተሠራ። ዋናው ሐሳብ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስ ነበር። ለብዙዎቹ ልጆች 4 ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል፤ ወደ ላይ የሚያልፉት ጥቂት ይሆናሉ። ወረቀት ላይ ምክንያታዊ ይመስላል። ወላጆች ግን “የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም” ተብሎ እንደተፈረደ አድርገው ተረዱት። መምህራን አልተማከሩም፤ በኑሯቸውም ተማረው ነበር። የካቲት 1974 መምህራኑ ሥራ አቆሙ። በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የታክሲ ሾፌሮችም አድማ መቱ። መንግሥት ዕቅዱን አቆመ፤ እሳቱ ግን አልጠፋም። በዚያው ዓመት ዘውዳዊው ሥርዓት ወደቀ። የሥርዓቱ ውድቀት ብዙ ምክንያቶች እንዳሉት ግልጽ ነው። ያም ሆኖ የትምህርት ዕቅድ ከሕዝብ ጀርባ ሲዘጋጅ ምን ዓይነት ትርጉም ሊሰጠው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ባለሙያ ይወስን ወይስ ሕዝብ የመረጠው?

አንዱ ወገን ሥርዓተ ትምህርት ለባለሙያ ይተው ይላል። ዕውቀት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ለዚህ ወገን የቴክሳስ ግዛት ጥሩ ማስረጃ ነው። እዚያ የትምህርት ቦርዱ 15 የተመረጡ አባላት አሉት። በ2010 የማኅበራዊ ሳይንስ መመዘኛውን ሲያጸድቁ ድምፁ በፓርቲ መስመር 9 ለ5 ተከፈለ። በክርክሩ ጎልተው ከታዩት አባላት አንዱ በሙያቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው። የግዛቲቱ ገበያ ትልቅ ስለሆነ ደግሞ አሳታሚዎች ቴክሳስ ምን እንደምትል በጥንቃቄ ያዳምጣሉ።

ሌላው ወገን መልስ አለው። ልጆቹ የሕዝብ ናቸው፤ ግብሩን የሚከፍለውም ሕዝብ ነው። ባለሙያም የራሱ አመለካከት አለው፤ ከሰማይ አልወረደም። ሴክተር ሪቪውን የሠሩት ባለሙያዎች ነበሩ። የማይመረጥ ሰው የሚወስነውን ወላጅ በምን ያርመዋል?

ሁለቱም ከእውነቱ ይዘዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ሥራውን ከፍሎ ማየት ነው። ልጆቻችን ምን ዓይነት ሰው ይሁኑልን፣ ለየትኛው ትምህርት ስንት ጊዜ እንስጥ፣ በየትኛው ቋንቋ ይማሩ የሚለው የሕዝብ ጥያቄ ነው። በሸንጎ፣ በግልጽ ይወሰን። አንድ ነገር ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም፣ ሳይንሱ ምን ይላል፣ የ9 ዓመት ልጅ ምን መረዳት ይችላል የሚለው ግን የምሁራንና የመምህራን ነው። መስመሩ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ቢሆንም ተመራጮች ፍሬ ነገርን በድምፅ ሲሽሩ፣ ወይም ባለሙያዎች የሕዝብን ምርጫ “ቴክኒካዊ ጉዳይ” ብለው ሲያሳልፉት መስመሩ መጣሱን ማወቅ አይከብድም።

ያልተስማማንበትን እንዴት እናስተምር?

በ1976 በምዕራብ ጀርመን የፖለቲካ ትምህርት በቀኝና በግራ መካከል የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች በሽቱትጋርት አቅራቢያ ባለችው ቦይቴልስባኽ ተሰበሰቡ። ሕግ አላወጡም። ድምፅም አልሰጡም። ከውይይቱ በኋላ ግን ሦስት መርሆች በጽሑፍ ሰፈሩ። መምህር ተማሪውን በራሱ አቋም አያጥለቅልቀው። በምሁራንና በፖለቲካው ዘንድ አከራካሪ የሆነ ነገር ክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ ይቅረብ። ተማሪው የፖለቲካውን ሁኔታና የራሱን ጥቅም መመርመር እንዲችል ይደረግ። የ“ቦይቴልስባኽ ስምምነት” ተብሎ እስካሁን ይሠራበታል።

ፈተና አልገጠመውም ማለት አይደለም። በ2018 “አማራጭ ለጀርመን” የተባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ በሀምቡርግ ገለልተኛ አይደሉም የሚባሉ መምህራን የሚጠቆሙበት ድረ ገጽ ከፈተ። ብዙ መምህራንና ምሁራን ሁለተኛው መርህ መምህሩን ድምፅ አልባ አያደርግም፣ የሰው ልጅ ክብርን በሚመለከት ገለልተኛ ሁን አይልም ብለው ተከራከሩ። የተረጋገጠ ፍሬ ነገርም የካደው ሰው ስላለ ብቻ አከራካሪ አይሆንም።

ፊንላንድ የያዘችው ሌላኛውን ጫፍ፣ ጊዜን ነው። ብሔራዊ ማዕቀፏን በግምት በ10 ዓመት አንዴ ትከልሳለች። በ2014 የጸደቀው ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ በኢንተርኔት ለአስተያየት ክፍት ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 2016 ነው። በመካከሉ ከተሞችና ትምህርት ቤቶች ማዕቀፉን ከራሳቸው ሁኔታ ጋር ያዛምዳሉ። ይህን ያህል ጊዜ ያለፈበትና ብዙ እጅ የነካው ሰነድ መንግሥት በተቀየረ ማግስት አይቀደድም። የኮሪያው መጽሐፍ ያጣው ይህን ነበር።

እነዚህ አሠራሮች ሁሉ ግን ፈተናው ላይ ሲደርሱ ሊፈርሱ ይችላሉ። አከራካሪውን እንደ አከራካሪ አስተምሩ የሚል ሰነድ ወጥቶ ብሔራዊ ፈተናው አንድ ትክክለኛ ምርጫ ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ መምህሩ ፈተናው ሲቃረብ ክርክሩን ትቶ መልሱን ያስጽፋል። ሊወቀስም አይገባም፤ የልጆቹ ዕድል የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ነው። ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ ይፋ ሲደረግ ወላጆች፣ መምህራንና ጋዜጠኞች ከመጽሐፉ ጋር የናሙና ፈተናውና የክፍለ ጊዜ ድልድሉም አብረው እንዲወጡ ቢጠይቁ ይሻላል። ከቀድሞው እትም ምን እንደወጣና ለምን እንደወጣ የሚያስረዳ ዝርዝርም ሊታከልበት ይገባል።